በኅዳጉ ላይ ያሉ ሰዎች

የተከበሩ ኃላፊያችን አቶ ነገሪ፣ ባልደረቦቼ፣ ከሁሉም በላይ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ባለቀን አቶ መብርሃቶም፤

ንግግሬን ጽፌ ይዣለሁ። አስተማሪዎቼ ያለ ጽሑፍ የሚናገር ሰው ሁለት ጊዜ ይሳሳታል ይሉን ነበር። ወረቀቱ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ እርጅና ነው አትበሉ፤ ፈርቼ ነው። ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አቶ መብርሃቶም ቤት ለኪ ሆነው ተቀጥረው ካዛንቺስ ወደሚገኘው ቢሯችን የመጡት በ1986 ሐምሌ ነው። ጫማቸው ጭቃ ነበርና “ጠርገው ይግቡ” አልኳቸው። ወጡ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠፉ። ተቀይመው ሄዱ ስንል ሜትራቸውን እየጠቀለሉ ገቡና ለያኔው ኃላፊ፣ “ጌታዬ፣ ቢሯችን ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ከካርታው ወጥቶ የጎረቤት ቦታ ይዟል። በደንቡ መሠረት አጥሩ ይፈርሳል” አሏቸው።

“አንተ ሰው፣ ገና ደመወዝ ሳትበላ ልታስዘጋን ነው?” አሉ ኃላፊው።

አጥሩ እስከ ዛሬ አልፈረሰም።

የኮምፒውተር ሠራተኛችን ደሊና እንደምትለው ጋሼ መብርሃቶም ሠርግ ተጠርተው እንኳ አዳራሹን በእርምጃ ይለካሉ። ቤት ለክተው ሲጨርሱ ደግሞ የማይቀር ጥያቄ አላቸው፤ “እዚህ ስንት ሰው ይተኛል?” አንዷ ባለቤት፣ “ምነው፣ ሊያድሩ አስበው ነው?” ብላ መንደሩን ሁሉ አስቃባቸዋለች።

ቅጹ ለተከራይ ስም አንድ መስመር ብቻ አለው። እሳቸው ግን ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ፤ “ከኋላ ክፍል ደባል አሉ፤ ባልና ሚስት፤ ባልየው ስታዲየም ጫማ ይጠግናል።” ይህን በጽሕፈት መኪና የምገለብጠው እኔ ነበርኩ።

“አቶ መብርሃቶም፣ ኅዳግ ባዶ የሚተወው ገጹ እንዲያምር ነው።”

“እትዬ ጀማነሽ፣ ሰው የሚተኛበት ቦታ ባዶ አይባልም።”

በዚህ ስንከራከር ዓመታት አለፉ። በ1996 አንዱ መንደር ሊነሣ ሲል ምትክ ቤት የሚሰጣቸውን ሰዎች ዝርዝር ገለበጥኩ። ንጹሕ አድርጌ፣ ኅዳጉን ትቼ። እማማ የሻረግ የሚባሉ እንጀራ ሻጭ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ይኖሩ ነበር፤ የተጻፉት ኅዳጉ ላይ ነው። ቤቱ ፈረሰ። ምትክ ቤት ሲታደል ጓዛቸውን በነጠላ ቋጥረው መስኮቴ ላይ ቆሙና፣ “ልጄ፣ ስሜን ጥሪልኝ” አሉኝ። ያንን የሚያምር ቅጂዬን ሦስት ጊዜ ፈለግሁ። የሉም። ወዴት እንደሄዱ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አቶ መብርሃቶም አንድ ቃል አልወቀሱኝም። እርሳሳቸውን ቀረጹና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ስለዚያ እርሳስ እስካሁን አላመሰገንኩዎትም፤ ዛሬ ላመስግንዎት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እፈራለሁ። ጠዋት ኡራኤል ከታክሲ ወርጄ ስመጣ ይፍረስ ተብሎ ቀይ ቀለም የተቀባውን ግንብ እቆጥራለሁ፤ ትናንት የነበረው ዛሬ ከሌለ ቆሜ እዚያ ማን ይተኛ እንደነበር እጠይቃለሁ። ከተማ አትደግ አልልም። መንገዱም፣ ሕንፃውም፣ ሥራውም ለልጆቻችን ያስፈልጋል። ነገር ግን ልብስ አጣቢዋን ከደንበኞቿ በሦስት ታክሲ አርቀን ጣሪያ ሰጠናት ብንል፣ በምን ትበላለች? ከዝርዝሩ የተረሳው ደግሞ ጣሪያውንም አያገኝም።

ሰኞ የሚቀጥለው መንደር ዝርዝር ይዘጋል። አዲሱ የኮምፒውተር ቅጽ ኅዳግ የለውም። ደሊናን፣ “ይህ የእርሳሱ ጽሑፍ የት ይገባል?” ብላት፣ “በቃ እትዬ፣ ሲስተሙ አይቀበልም” አለችኝ። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ተቀምጬ ኅዳጉን በሙሉ ለብቻው ጻፍኩት። ስድሳ አንድ ሰው ነው። አቶ ነገሪ ፈርመው ከዝርዝሩ ጋር እንዲያያይዙት ዛሬ ጠዋት ማንም ሳያዘኝ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩት። እኔ ከጡረታ ተመልሼ በኮንትራት የምሠራ ሴት ነኝ፤ በአንድ ደብዳቤ ልሰናበት እችላለሁ። ወረቀቱ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ አቶ መብርሃቶም። ሰኞ ለሚዘጋው ዝርዝር የለኩት የመጨረሻው ፋይል ኅዳጉ ባዶ ነበር። ቤቱ እህትዎ ወይዘሮ ሲምረት የተከራዩት ነው። ከኋላ ያለችው ክፍል ውስጥ ማን እንደሚኖር ሁላችንም እናውቃለን። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጽፈው ራስዎን ዘለሉ። ስጠይቅዎ፣ “ለኪው ለራሱ ሲጽፍ ደግ አይደለም” አሉኝ።

እኔ ጻፍኩልዎ፤ በዚያው በእርሳስዎ። “ከኋላ ክፍል ደባል አሉ፤ መብርሃቶም፤ ጡረተኛ።” ስድሳ ሁለተኛው እርስዎ ነዎት። ተሳስቼ ከሆነ ሜትርዎን ያምጡና ይለኩ።

እንግዲህ ብርጭቋችሁን አንሡ። አቶ ነገሪ፣ እርስዎ በግራ እጅዎ ያንሡልኝ፤ ቀኙ ለፊርማ ይፈለጋል፣ እስክሪብቶም ይዤ መጥቻለሁ።

አቶ መብርሃቶም፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ጉልበትዎ አይክዳዎት። ከዚያች ክፍል የሚነሡበት ቀን ሲመጣም፣ የሚቆሙበት መስኮት ላይ ስምዎ ይጠራ።

ለእርስዎና ለስድሳ አንዱ!