ሁለት ዓመት ዳንቴል የለበሰው ማሽን

ቅዳሜ ጠዋት ነው። አቶ ዘርአጽዮን ውሃ የሚያንጠባጥብ ብርድ ልብስ የተቆለለበትን ሳፋ ታቅፈው የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ሲወርዱ፣ ጎረቤታቸው ናኦሚ ዳቦ ገዝታ ስትወጣ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ተገናኙ። ከጉርድ ሾላ አልፎ ያሉት እነዚህ ሕንፃዎች ብዙ ነገር አላቸው፤ ሊፍትና ሰፊ ደረጃ ግን የላቸውም። ከሁለቱ አንዳቸው መመለስ ነበረባቸው። ናኦሚ ዳቦውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና የሳፋውን ሌላ ጆሮ ይዛ አብራቸው ወረደች።

አቶ ዘርአጽዮን በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። የወንበር እግር ቢሰበር፣ የግድግዳ ሰዓት ቢቆም፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት «በማን እጅ ነበር?» ብለው ነበር። ዕቃው ምን ሆኖ እንደተበላሸ የሚጠየቅበት ቅጽ በዚያ መሥሪያ ቤት አልነበረም። ጡረታ ሲወጡ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አስረከቡ፤ ጥያቄዋን ግን ማንም አስረክቡ ስላላላቸው ይዘዋት ቤት ገቡ።

ብርድ ልብሱን ግራና ቀኝ ይዘው ሲጨምቁ ናኦሚ የእትዬ ፀሐይነሽን ጤና ጠየቀች። አቶ ዘርአጽዮን የባለቤታቸው የእጅ አንጓ ከክረምት ወዲህ እንዳበጠ፣ ሐኪሙም ልብስ እንዳይጨምቁ እንደከለከላቸው፣ እትዬ ግን ማጠቡን እንዳልተዉ ነገሯት። መጭመቁና ማስጣቱ የባልየው ድርሻ ሆኗል።

«ጋሼ፣ እናንተ ቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽን አይቼ የለ? ዳንቴል የለበሰው?»

«አለ። ሞቷል እንጂ።»

«ሲሞት ምን አለ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። «ኢ-ሃያ ብሎ ጻፈና ቀጥ አለ። በስልክ የጠየቅሁት ባለሙያም ቦርዱ ተቃጥሏል ብሎኛል።»

«ሳያየው?»

«ሳያየው።» ትንሽ አፈሩና ወዲያው ቀና አሉ። «ልጄ፣ ዕቃ ብቻውን አይበላሽም። የሚያበላሸው ሰው አለ። እኔ ያበላሸውን አግኝቻለሁ፤ ጉዳዩ ተዘግቷል።»

«ያበላሸው ሲገኝ ማሽኑ ሠራ?»

ንግግሯ ድፍረት መሰላቸው፤ ነገር ግን የብርድ ልብሱን ጫፍ ይዛላቸዋለችና አልተቆጧትም። ተጠያቂ የሌለበት ቤት ሥርዓት እንደማይኖረው፣ ዛሬ ዝም የተባለ ሰው ነገ የባሰውን እንደሚሠራ በጨዋ ቋንቋ ረዘም አድርገው አስረዷት። ናኦሚ እስኪጨርሱ ጠበቀች። ሥራዋ በአንድ ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ መጠገን ነውና ስለ ተበላሸ ዕቃም ስለ ፈራ ሰውም የምታውቀው ነበራት።

«እኛም ዘንድ እንደዚያ ነበር፣ ጋሼ» አለች። «መሣሪያ ሲቆም አለቃችን ‹ማን ነው የነካው?› እያለ ይመጣ ነበር። ነርሶቹ መሣሪያው ሲያጓራ እየሰሙ ዝም ማለት ጀመሩ፤ የተናገረው ነዋ የሚጠየቀው። በብሩሽ የሚጠረግ ነገር ተቃጥሎ ይደርሰን ነበር። አሁን ‹ምን አየሽ?› ብለን ነው የምንጠይቀው። ኮዱም ያንኑ ነው የሚነግርዎት። እዚህ ጋ አመመኝ አለ እንጂ ሞትኩ አላለም።»

«ከፍተን ብናብሰውስ?»

«ከሶኬት ነቅለን፣ የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ባለቤቱ ይክፈት ያለውን ብቻ ነው የምንከፍተው። ብሎን የሚፈታበት ቦታ ከደረስን እንተወዋለን፤ ያኔ መጥቶ የሚያይ ባለሙያ ይጠራል።»

አቶ ዘርአጽዮን ብርድ ልብሱን ገመድ ላይ አሰጡና «በይ ነይ፣ እንየው» አሉ። ደረጃውን ሲወጡ ሳል አበዙ።

እትዬ ፀሐይነሽ ማሽኑ ላይ የነበረውን የአበባ ማስቀመጫና ሬዲዮ አነሱ፤ ዳንቴሉንም አጥፈው አልጋ ላይ አኖሩት። የማሽኑ መጽሐፍ ከቴሌቪዥኑ ሥር ካለው መሳቢያ ወጣ። የታሸገበት ላስቲክ ገና አልተቀደደም ነበር። ናኦሚ የኮዶቹን ሠንጠረዥ አግኝታ ለአቶ ዘርአጽዮን ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «ኢ-ሃያ። ውሃው አልወጣም። ማጣሪያውን ያጽዱ።»

አራት ቃል ናት። እትዬ ፀሐይነሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳፋ ላይ ሲያጎነብሱ አራቷ ቃል ከቴሌቪዥኑ ዜና በታች ተኝታ ነበር።

ናኦሚ ሶኬቱን ነቀለች። መሬቱ ላይ አሮጌ ፎጣ አነጠፈችና ዝርግ ትሪ አስጠግታ፣ ከማሽኑ ግርጌ ያለችውን ትንሽ በር ከፈተች። ክቡን ክዳን ወደ ግራ ስታዞር የሰነበተ ውሃ ሽታውን ይዞ ወጣ፤ ትሪው ሦስት ጊዜ ሞልቶ ሦስት ጊዜ ተደፋ። ከዚያ እጇን ሰደደችና የጨቀየ፣ የተጠቀለለ የጥጥ ጉንጉን ጎትታ አወጣች። ጉንጉኑ ውስጥ ሰማያዊ ክር ተጠምጥሟል።

«ይኼ የማሽኑ አይደለም» አለች። «በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው።»

እትዬ ፀሐይነሽ ክሩን በጣታቸው አነሱና አዩት፤ ከዚያ ባላቸውን ሳያዩ «የጥምቀቱ ጋቢ ነው» አሉ።

ያን ጊዜ አቶ ዘርአጽዮን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ቤታቸው ገንዘቤ የምትባል ልጅ ትሠራ ነበር። ቀን ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች፤ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ነበር። ለጥምቀት ዋዜማ አቶ ዘርአጽዮን ጥለቱ ሰማያዊ የሆነውን አዲሱን ጋቢያቸውን በማሽን እጠቢልኝ አሏት። ልጅቷ እናቷ ጋቢ ምንጊዜም በእጅ እንደምታጥብ፣ አዲስ ጋቢ ጥጡን እንደሚተፋ ነገረቻቸው። እሳቸውም ማሽን የተገዛው ለምንድን ነው ብለው ራሳቸው ከተቱት፣ ራሳቸው ቁልፉን ተጫኑ። ጋቢው ነጭ ሆኖ ወጣ፤ እሳቸውም ለብሰውት በዓል ዋሉ። በሳምንቱ ገንዘቤ አንሶላ ስታጥብ ማሽኑ ኮዱን ጽፎ ቆመ። በማን እጅ ነበር? በገንዘቤ።

«አልነካሁትም» ብላ አልቅሳለች። አልሰሟትም። በሦስተኛው ቀን አሰናበቷት፤ እንደ ልማዳቸውም በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፋቸው «የቤት ዕቃ በማበላሸቷ ተሰናብታለች» ብለው ጽፈው፣ ፈርመው፣ ተያዥ ለሆኗት ለአጎቷ ሰጧቸው። ያለ ተያዥ ሰው በማይቀጠርበት ከተማ እንዲህ ያለ ወረቀት ምን እንደሚያደርግ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም።

ናኦሚ የማጣሪያውን ቤት በጣቷ ዳበሰች፤ ውሃ የሚያስወጣው ፓምፕ ሳይያዝ ይዞራል። ማጣሪያውን በብሩሽ አጥባ ክዳኑን አጥብቃ መለሰች፤ ከኋላ ያለው ቱቦ አለመታጠፉን አየች። ሶኬቱ ተሰካ፣ ማሽኑ ውሃ ሞላ፣ ዞረ፣ ውሃውን እያጉረመረመ አስወጣ። ኮዱ አልተመለሰም። እትዬ ፀሐይነሽ ሳፋውን አልጋ ሥር ገፉት፤ ከዚያ ደስታም ይሁን ንዴት ባልለየ ድምፅ «ይኸው ነው?» አሉ።

አቶ ዘርአጽዮን ጉንጉኑን በላስቲክ ቋጠሩት። «ልጄ፣ ሰው በድያለሁ» አሉ።

«ማሽኑን ሠርተነዋል» አለች ናኦሚ ቀስ ብላ። «የቀረው በእኔ ሙያ አይሠራም፣ ጋሼ።»

እሑድ ሕንፃው መግቢያ ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ጽሑፉ ያማረ ነው። ማሽን ኮድ ሲጽፍ ሞተ ከማለት በፊት መጽሐፉ እንዲነበብ፣ ምንም ከመነካቱ በፊት ሶኬት እንዲነቀል፣ የሞቀ ውሃ ካለበት እስኪቀዘቅዝ እንዲጠበቅ፣ ማጣሪያ በየወሩ እንዲጸዳ፣ ጋቢና ነጠላ በእጅ እንዲታጠብ፣ ኪስም እንዲፈተሽ ይመክራል። ከግርጌው «ማን እንደነካው ከመጠየቃችሁ በፊት ምን እንደሆነ ጠይቁ» ይላል። በዚያው ቀን ከአራተኛ ፎቅ አንዲት እናት ማሽኗ ቆሞባት ሠራተኛዋን ልትቆጣ ወደ ግቢው ስትወርድ ወረቀቱን አንብባ ተመለሰች፤ ማጣሪያው ውስጥ የገዛ ልጇን ካልሲ አገኘች። መጽሐፍ የከፈተ ቤት ዕቃው ዕድሜ ያገኛል፣ የሴቶቹም ወገብ ያርፋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ያልበላውን ዕዳ የሚሸከም ሰው አይኖርበትም። ይህን የተማሩት አቶ ዘርአጽዮን ግን የተማሩበት ዋጋ ከሌላ ሰው ላይ የተወሰደ ነበርና እንደ አዋቂ አልተኩራሩበትም።

ሰኞ ጠዋት ታክሲ ይዘው ኦሎምፒያ ሄዱ። የገንዘቤ አጎት አቶ ኤርሳዶ እዚያ የአንድ ቢሮ ጥበቃ ናቸው። አቶ ዘርአጽዮን ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ፤ ላስቲኩን ፈትተው ጥጡንና ሰማያዊውን ክር አሳዩ፤ የሆነውን ሁሉ ራሳቸውን ሳይቆጥቡ ተናገሩ። አዲስ የጻፉትንም ወረቀት ሰጡ። «ዕቃውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ልጅቱ አስቀድማ አስጠንቅቃኛለች» ይላል።

አቶ ኤርሳዶ አንብበው ሲጨርሱ ከጥበቃ ቤቱ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አወጡ። የድሮው ወረቀት እውስጡ ታጥፎ ተቀምጧል።

«ያን ቀን ጋቢው ነው ብላኝ ነበር» አሉ። «እኔ ወረቀቱን አመንኩ። እንዲህ ባማረ ጽሑፍ የጻፈ ትልቅ ሰው ይሳሳታል ብዬ አላሰብኩም። ሌላ ቤት ተያዥ ሁነኝ ስትለኝ እንቢ አልኳት። ወደ አገሯ ዱራሜ ተመለሰች። ለፈተናው አምስት ወር ነበር የቀራት።»

«አሁንስ ትማራለች?»

«አግብታለች። ልጅ አላት።»

አቶ ዘርአጽዮን ብታናግረኝ ብለው ለመኑ። አቶ ኤርሳዶ ደወሉና ድምፁ ለሁለቱም እንዲሰማ አድርገው ስልኩን ዘረጉላቸው። ከወዲያ ሕፃን ያለቅሳል። ሽማግሌው ሲያወሩ ልጅቷ አንዴም አላቋረጠቻቸውም፤ ስለ ማሽኑና ስለ እትዬ እጅ ሕመም ነግረው ይቅርታ ሲጠይቁ፣ እጃቸው አሁን እንዴት እንደሆነ ጠየቀች።

ከዚያ «ጋሼ፣» አለች፣ «ያን ቀን አብረን ብንከፍተው ኖሮ ስንት ሰዓት ይፈጅ ነበር?»

ሊያለዝቡት ይችሉ ነበር። አስቸጋሪ ነበር፣ ባለሙያ ይፈልግ ነበር ማለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ከእንግዲህ ያልሆነ ነገር በእሷ ላይ ላይናገሩ ወስነው ነበር።

«ሩብ ሰዓት ነው የፈጀው፣ ልጄ» አሏት።