የጋሼ ጀማነህ ብልቃጥ

ሰው የሚሸሸውን ነገር ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በተሸሸገበት ደጃፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የፍልሰታ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን ሰርካዲስ ከሥራ ስትመለስ ምስር ልትገዛ አሜሪካ፣ ዌስተርቪል ከተማ ካለ አንድ ትልቅ መደብር ገባች። በቫይታሚኖቹ መደርደሪያ በኩል ስታልፍ ጋሼ ጀማነህ ማስካቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አድርገው የአንድ ብልቃጥ ጽሑፍ ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ሲያነቡ አየቻቸው።

ጋሼ ጀማነህ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አብረዋት የሚያስቀድሱ፣ መጋዘን ውስጥ ሃያ ዓመት ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነድተው ጡረታ የወጡ የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው። ልጆቻቸው ሲያትል ከሄዱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ።

«ፋርማሲስት እግዚአብሔር ላከልኝ» አሉ ሲያዩዋት። «ከዚህ ጠንከር ያለ የለም?»

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ሴሊኒየም። የአንጀት ካንሰርን የሚከላከል።»

ቀረብ ስትል የነጭ ሽንኩርት ሽታ ተቀበላት። «ዘንድሮ ነጭ ሽንኩርት አብዝተዋል» አለች።

«ከፋሲካ ወዲህ በአፌ አልዞረም። ሆዴን ያቃጥለኛል።»

ጣቶቻቸውን ተመለከተች። ጥፍሮቻቸው ተሰነጣጥቀዋል።

«በቀን ስንት ይወስዳሉ?»

«ጠዋት ሦስት፣ ማታ ሦስት።»

«ብልቃጡ ላይ አንድ ይላል።»

«እሱ ለሰነፍ ነው።»

«ጋሼ፣ የአፍዎ ሽታም የጥፍርዎ መሰንጠቅም ከዚሁ ክኒን ይመስለኛል። ሴሊኒየም ማዕድን ነው፤ ለሰውነት የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ሲበዛ ይመርዛል።»

«አንቺ ዩኒቨርሲቲ ተምረሻል፣ እኔ ደግሞ ዩቲዩብ» አሉ ጋሼ ቀና ብለው። «ደሙ ውስጥ ሴሊኒየም ያነሰበት ሰው ይኸው በሽታ ይበዛበታል ብለው ያጠኑት ሐኪሞች ናቸው። እስቲ ውሸት ነው በይኝ።»

«ውሸት አይደለም። አውሮፓ ውስጥ እንዲያ የሚያመለክት ጥናት አለ። ነገር ግን የብዙ አውሮፓ አገር አፈር ሴሊኒየም ያንሰዋል። እዚህ ከዳቦው፣ ከእንቁላሉ፣ ከሥጋው የሚያገኙት ይበቃዎታል። ጎተራው የጎደለ ሰው ቢጨመርለት ይጠቀም ይሆናል፤ በሞላ ጎተራ ላይ የሚደፋ እህል ግን ይፈሳል። እዚሁ አሜሪካና ካናዳ ከሠላሳ ሺህ በላይ ወንዶች ተመዝግበው፣ ለገሚሱ ሴሊኒየም፣ ለገሚሱ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን እየተሰጠ ለዓመታት ታይቷል። የአንጀት ካንሰሩ አልቀነሰም።»

«እንግዲህ ሐኪሞቹ እርስ በርስ ካልተስማሙ፣ እኔ የምስማማው ከብልቃጤ ጋር ነው።»

ሰርካዲስ ልትከራከር አሰበችና ተወችው። ለወሬ ብሎ በቀን ስድስት ክኒን የሚውጥ ሰው የለም። አንድ ያየው ነገር አለ።

«ጋሼ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደም አይተዋል?»

ጋሼ ጀማነህ ግራና ቀኝ ተመለከቱ። «ኪንታሮት ነው» አሉ።

«ሐኪም ነው ያለው?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። ሐኪሙማ አንጀትህ በካሜራ ይታይ ብሎ አፖይንትመንት ሰጥቶኝ ነበር። ካንስል አደረግሁት።»

«በዋዜማው ምግብ አይበላም ስለተባሉ ነው? ሁዳዴን የሚጨርሱ ሰው የአንድ ቀን ጾም ፈሩ?»

«ጾሙን ማን ፈራ?» አሉ። «አስተኝተው ስለሚያዩ፣ ሲያልቅ መንዳት አይቻልም፣ ሰው ይዘህ ና አሉኝ። ማንን ልያዝ? አንዱን ከያዝኩ እሑድ ምእመኑ ሁሉ ይሰማል። ደግሞ እዚያ ክፍል ነርሷ የእኛዋ ዘማሪ ንግሥት ናት። ከዚያ በኋላ ቅዳሴ ላይ በየትኛው ፊቴ ልያት?»

«ንግሥት የበሽተኛ ምስጢር ብታወጣ ሥራዋን ታጣለች።»

«ባታወጣስ? ታውቃለች አይደል?»

ሰርካዲስ የምትገፋውን ጋሪ እጀታ ጨብጣ ቆመች። ባሏን ምን ገደለው ሲሏት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ «ሆዱን አሞት ነበር» ትል ነበር። ሰውም ከዚያ አልፎ አይጠይቃትም።

«አንድርያስም ኪንታሮት ነው ይል ነበር» አለች። «እኔ ፋርማሲስቷ ቅባት አመጣሁለት። ሲመረመር በሽታው ከአንጀቱ አልፎ ጉበቱ ደርሶ ነበር። አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።»

«ለሰው ሆዱን ነው ያልሽው።»

«እኔም አፍሬ ነበር ጋሼ።»

ጋሼ ጀማነህ ማስካቸውን ቀስ ብለው ወደ ላይ ሳቡ። ዓይኗን ላለማየት የብልቃጡን ክዳን ሲያሹ ቆዩ።

«ነገ ለሐኪሙ ይደውሉ» አለች። «የምነዳው እኔ ነኝ።»

ብልቃጡን ከወሰዱበት ቦታ አስተካክለው መለሱት። «ቀስ ብለሽ የምትነጂ ከሆነ» አሉ።

ጾሙ በተፈታ በሁለተኛው ሳምንት ጋሼ ጀማነህ በካሜራው ታዩ። ሐኪሙ ሁለት ትናንሽ እባጮች አግኝቶ እዚያው በዚያው አወጣቸው። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ፣ አንደኛው ወደ ካንሰርነት መንገድ የጀመረ፣ ግን ገና ያልደረሰ ሆኖ ተገኘ። በምርመራው ቀን ነርሷ ንግሥት ብርድ ልብስ ስትደርብላቸው «እግዚአብሔር ይማርዎ» ከማለት በቀር ምንም አላለችም።

በመስቀል ዋዜማ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ምእመኑ አዳራሽ ሲሰበሰብ ጋሼ ጀማነህ ማይክሮፎን ጠየቁ። ክኒኑን ካቆሙ ወዲህ ከጥፍሮቻቸው ሥር አዲስ ጥፍር መብቀል ጀምሮ ነበር።

«ኪንታሮት ነው ብላችሁ የተቀመጣችሁ አላችሁ» አሉ። «እኔም ከእናንተው ነበርኩ። ክኒን ስውጥ ከረምኩ፤ ያተረፍኩት የአፍ ሽታ ነው። ያዳነኝ መታየቴ ነው። አርባ አምስት ዓመት የሞላው ምንም ባያመውም ይታይ። ካሜራውን ለሚፈራ፣ ሰገራውን ቤቱ ሆኖ በሳጥን ለላቦራቶሪ የሚልክበት መንገድም አለ። ደም ያየ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ፊት ይቅረብ። ሹፌር ያጣ እኔ አለሁ። ሃያ ዓመት ዕቃ ሳልጥል ነድቻለሁ፤ ሰውም አልጥልም።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ሲበርድ ሰርካዲስ ከኋላ ወንበር ተነሣች። «አንድርያስ የሞተው በዚሁ ነው» አለችና ተቀመጠች።

ከዚያ ከመዘምራኑ መካከል ንግሥት እጇን አወጣች።

«እኔ አርባ ስድስት ሞላኝ» አለች። «ስንቱን አስተኝቼ አስነሥቻለሁ፤ እኔ ግን አንድ ቀን ተኝቼበት አላውቅም። ጋሼ፣ ማክሰኞ ይመችዎታል?»

ጋሼ ጀማነህ ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው የንግሥትን ስም ጻፉበት። ሳቁ እንደገና ተነሣ፤ ወረቀቱም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ስም ሞላበት።

እስከሚቀጥለው ትንሣኤ ድረስ ጋሼ ጀማነህ አሥራ አራት ሰው አመላለሱ። ከአምስቱ እባጭ ወጣ። የአንዱ ካንሰር ገና ሳይዛመት ተይዞ ተቆርጦ ወጣለት፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ። ለዚህ ሁሉ የወጣው የአንድ ቀን ጾምና የአንድ ሰዓት እፍረት ነው።

ሰርካዲስን ዛሬም ባልሽን ምን ገደለው የሚላት አይጠፋም። የበሽታውን ስም ሳትሸራርፍ ትናገራለች። ቀጥላም ጠያቂዋን «እርስዎስ ታይተዋል?» ትላለች።