የልብስ ሰፊው ተረከዝ

በቡራዩ ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ጫማቸውን አውልቀው ተረከዛቸውን ያሻሉ። አጠገባቸው ያለችው ሴትዮ አላስቻላትም።

«ምነው ኦቦ፣ እግርዎን አመመዎት?»

«ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜን እንደ ሚስማር ይወጋኛል፣ ልጄ።»

«መቆም አብዝተው ይሆናል።»

«ልብስ ሰፊ መቼ ይቆማል? አርባ ዓመት የስፌት መኪና በእግሬ ስረግጥ አንድ ቀን አላመመኝም። ልጆቼ ‹ይበቃሃል› ብለው በዲናሞ የሚሠራ፣ እግር የማያደክም ገዙልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ነው።»

«ሐኪም አላዩም?»

«ፊዚዮቴራፒ ላኩኝ። እዚያ ያለችው ልጅ ‹ባትዎ ሥራ ፈትቶ ደርቋል፣ ተረከዝዎን የሚጎትተው እሱ ነው› አለችኝ። ጠዋት ማታ ተቀምጬ እግሬን ወደ ላይ ወደ ታች እንዳደርግ አዘዘችኝ።»

«ልክ መኪናውን እንደሚረግጡት?»

«ቁርጥ እንደሱ! አሮጌው መኪና ግን ተሸጧል፤ ባዶ ወለል ነው የምረግጠው።»

«ታዲያ ተሻለዎት?»

«እየተሻለኝ ነው። ባለቤቴ የእግሬን ድምፅ ከጓዳ ስትሰማ እንደ ድሮው ‹ዛሬ ደግሞ የማን ልብስ ነው?› ትለኛለች።»

«ምን ይሏታል?»

«‹ያንቺ› እላታለሁ።»

የሸሚዜን እጅጌ ገልብጬ ስፌቱን አየሁት።