የጋለችው ዳዮድ

አዳማ፣ ከሰርግ ድንኳን ጀርባ፤ ሙሽሮቹ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ የባንዱ መሪና ክራር መቺ ጋሽ ደርበው ከኤሌክትሮኒክስ ጠጋኟ ከትርሲት ጋር በጋለ አምፕሊፋየር ላይ ተፋጠዋል።

ጋሽ ደርበው፦ አብሪው አልኩሽ። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተዋል።

ትርሲት፦ አላበራውም። እጅዎን ጠጋ ያድርጉ እስቲ፤ አጥፍቼውም ሳይነኩት ይፋጃል።

ጋሽ ደርበው፦ ጋለ እንጂ አልተቃጠለም።

ትርሲት፦ ባለፈው ሰርግም እንዲህ ሲሉ ነው ጭስ የወጣው። መብራቱን ለአምፑ የምታሳልፈው ይቺ ጥቁር ዳዮድ ናት። ቀየርኳት፣ ነደደች። ደግሜ ቀየርኳት፣ ይኸው ጋለች።

ጋሽ ደርበው፦ የማይረባ ዕቃ እየገዛሽ ነዋ።

ትርሲት፦ ከደህና አምፕ ፈትቼ ያመጣሁት ነው። ትራንስፎርመሩንም ካፓሲተሩንም በቴስተር አየሁ፤ ጤነኛ ናቸው። ሲቸግረኝ ገመዱን ተከትዬ መድረክ ላይ ወጣሁ። ከእርስዎ ወንበር ሥር አንድ ተጨማሪ ስፒከር፣ ከኋላው ሌላ። ማነው ከዚህ አምፕ የቀጠላቸው?

ጋሽ ደርበው፦ እኔ ነኝ። ከበሮው ክራሩን እየዋጠብኝ።

ትርሲት፦ ኪቦርድ ተጫዋቹ ግን በክራሩ ጩኸት ጆሮው ላይ ጥጥ ወትፎ ነው የሚጫወተው። ቮልዩሙም እስከ መጨረሻው ተጠምዝዟል። ዳዮዷ ምንም አላጠፋችም፤ ከአቅሟ በላይ አሸክመዋታል።

ጋሽ ደርበው፦ ሙዚቃ መሰማት አለበት። ሥራሽን ሥሪ።

ትርሲት፦ እሺ፣ ከጀርባው ልየው። … ቀዩን ገመድ ያቀብሉኝ።

ጋሽ ደርበው፦ ብዙ ይቆያል?

ትርሲት፦ ቀዩን ገመድ፣ ጋሽ ደርበው።

ጋሽ ደርበው፦ መልሺልኝ እንጂ። ለምን ትዘጊኛለሽ?

ትርሲት፦ ቀና ልበልና ፊትዎን እያየሁ ልንገርዎት። አልዘጋሁዎትም። ገመድ ያቀብሉኝ ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኩ።

ጋሽ ደርበው፦ በዚህ ጄኔሬተር ጩኸት ምን ይሰማል?

ትርሲት፦ ጄኔሬተሩ አልተነሳም።

ጋሽ ደርበው፦ ታዲያ ይሄ የሚጮኸው ምንድነው?

ትርሲት፦ መቼ ጀመረዎት?

ጋሽ ደርበው፦ ከፋሲካ ወዲህ። ለሚስቴም አልነገርኳት። ክራር የሚቃኝ ሰው ጆሮው ከከዳው ምን ቀረው ትያለሽ?

ትርሲት፦ ሐኪም ጋ አብሬዎት እሄዳለሁ። አሁን ግን እነዚያን ስፒከሮች ካልነቀልኩ ድንኳኑ ሰው እንደሞላ እሳት ይነሳል።

ጋሽ ደርበው፦ ከነቀልሻቸው የራሴን ክራር አልሰማውም።

ትርሲት፦ አውቃለሁ።

ጋሽ ደርበው፦ መኪኖቹ ታዩኝ። ክላክስ እያደረጉ ነው?

ትርሲት፦ ከመታጠፊያው ጀምሮ።

ጋሽ ደርበው፦ … ንቀያቸው። ቮልዩሙንም አንቺ ያዢው። ስጫወት ግን ፊት ለፊቴ ቁሚልኝ፤ ከቅኝቱ ከወጣሁ ፊትሽ ላይ አየዋለሁ።