ከመንደሩ በላይ ያለው ሜዳ

ሽማግሌው ናዛርሾ ቦዩን ሊጠርግ ሲወጣ፣ አንዲት ወጣት ሜዳውን በገመድ ስትለካ አገኛት። ከዚያ የፓሚር ተራሮች መንደር ጎልማሳው ሁሉ ለሥራ ወደ ሩሲያ ሄዷል። ሰው ማየት ብርቅ ሆኖበት መቆጣቱ እንኳ ዘገየ።

«ማን ፈቅዶልሽ ነው? ይሄ የልጄ የዛፋር ቤት መሥሪያ ነው!»

«ይቅርታ አባባ። ሳዳፍ እባላለሁ፤ የተማርኩት የውሃ ነገር ነው። ጎረቤቶችዎ ኩሬ መቆፈር ይፈልጋሉ፤ ደልዳላው ቦታ ደግሞ ይሄ ብቻ ነው።»

«ኩሬ? ወንዙ እንዲህ ሞልቶ እያገሳ? ጆሮሽን ያምሻል እንዴ?»

«የሞላው እኮ ላይኛው ግግር በረዶ እያለቀ ስለሆነ ነው። አየሩ ሞቋል። ጎተራ ተሟጦ ሲበላም ቤተሰቡ ለጊዜው ይጠግባል።»

«በረዶ እንደሆነ በየክረምቱ ይጥላል።»

«ይጥላል፤ ግን በጸደይ ቀልጦ ይሄዳል። ግግሩ ካለቀ፣ በበጋ ድንቹ ውሃ ሲጠማው ወንዙ ይጎድላል። ኩሬው የጸደዩን ውሃ ያቆይልዎታል።»

«ልጄስ ሲመጣ የት ይግባ?»

ዛፋር ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ የሚደውለውም ለበዓል ብቻ ነው። ናዛርሾ ይህን ለማንም አይናገርም።

ሳዳፍ ገመዱን አስቀመጠች። «የእናቴ አገር ከተራራው ወዲያ ነው። እዚያም መጀመሪያ ወንዙ ሞላ፣ ሰዉ ተደሰተ። ኋላ ቀጠነ። ሁሉም በሩን እየቆለፈ ወጣ። አሁን ያለችው አክስቴ ብቻ ናት።»

«ብቻዋን? ከማን ጋር ታወራለች?»

«ከፍየሎቿ ጋር።»

ናዛርሾ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ስለ ሙቀቱ የነገረችው ገብቶት ነበር፤ ልቡን የረታችው ግን አክስቲቱ ናት። እሱም በዚያው ጠዋት የራሱን ላም ስለ ወገቡ ሕመም ሲያማክራት ነበር።

«በይ፣ ለክተሽ ጨርሺ» አላት ቀስ ብሎ።

ኩሬው በመኸር ተቆፈረ፤ በጸደይ ሞላ። ወንዙ በቀጠነበት በጋ ድንቹ አልደረቀም፤ በውሃ ተራ የሚጣሉት ጎረቤታሞች ሰላም አወረዱ። ሊሰደድ ዕቃውን ጭኖ የነበረ ቤተሰብም መልሶ አራገፈ። ለነገ የተያዘ ውሃ መንደርን ከመፍረስ እንደሚያድን ሁሉም በዓይኑ አየ።

ዛፋር ለበዓል ሲደውል አባቱ ሁሉንም ነገረው። ልጁም «ታዲያ እኔ ስመጣ የት ልገባ ነው?» አለ።

«እኔ ጋ ነዋ! ቤቱ እንደሆነ ባዶ ነው።»