ከመጽሐፍ ጋር የተጣሉት አናጺ

ያን ቀን ዝናቡ በድንገት ባይወርድ ኖሮ አናጺው በእግራቸው ቤታቸው ይገቡ ነበር፤ የወንድማቸው ልጅም መጽሐፏን በሰላም ታነብ ነበር። ዝናቡ ግን ማንንም ሳያማክር ወረደ። አናጺው በጋዜጣ የጠቀለሉትን እንጨት በብብታቸው ሸጉጠው ወደ አውቶቡስ መጠለያው ሮጡ፤ በእሳቸው ዕድሜ ያ ሩጫ ከተባለ። ገብተው ኮፍያቸውን ሲያራግፉ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠችው የወንድማቸው ልጅ ቀና ብላ አየቻቸውና ደነገጠች። የምታነበውን ወፍራም መጽሐፍ ቦርሳዋ ውስጥ ልትከት ስትጣደፍ አምልጧት እግራቸው ሥር ዱብ አለ።

«አንሺው እንጂ! አይነክሰኝም» አሉ አናጺው።

«ይቅርታ ጋሼ። እርስዎ መሆንዎን አላየሁም።»

«ብታዪማ ቀደም ብለሽ ትደብቂው ነበር።»

ልጅቷ የምትደብቅበት ምክንያት ነበራት። ወንበር በሚሠራበት በአናጺው ወርክሾፕ ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት እንኳ ቢሆን መጽሐፍ መግለጥ ክልክል ነው። ክልከላውን ያመጣው አማቻቸው ነው። ደግ ሰው ነው፤ አብሯቸው በሠራበት ጊዜ ግን ስለ ንግድ የተጻፈ መጽሐፍ በገዛ ቁጥር ወርክሾፑን ይገለብጠው ነበር። አንዱ መጽሐፍ አረንጓዴ ቀለም ሠራተኛን ያነቃቃል ስላለው ግድግዳውንና በሩን፣ መጸዳጃ ቤቱን ሳይቀር አረንጓዴ አስቀባ። ሌላው መጽሐፍ ሰው ሁሉ መሪ ነው ሲለው ለሠራተኛው ሁሉ የኃላፊነት ማዕረግ አደለ፤ ከዚያ ወዲያ ሰጋቱራ የሚጠርግ ሰው ጠፋ። ሦስተኛው ደግሞ በቁም የሚደረግ ስብሰባ ያጥራል ስላለው፣ ወንበር በሚሠራ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ ቆሞ እንዲሰበሰብ አዘዘ። በመጨረሻ ሚስቱን፣ የአናጺውን ልጅ፣ ይዞ ሌላ ከተማ ሄደ። አረንጓዴው ግድግዳ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ አናጺው ባዩት ቁጥር ስለ መጽሐፍ ያላቸው አስተያየት ይታደሳል።

«ከእንግዲህስ የምደብቅበት ምክንያት የለኝም» አለች ልጅቷ መጽሐፉን በመሐረብ እያበሰች። «ነገ እሑድ ቤትዎ መጥቼ በሥርዓቱ ልነግርዎ ነበር። ከማዶ ያለው ቤት ሥራ ሰጥቶኛል። ሰኞ ጠዋት የወርክሾፑን ቁልፍ መልሼልዎ እሄዳለሁ።»

ከማዶ ያለው ቤት ማለት በኮምፒውተር የሚታዘዝ የእንጨት መቁረጫ ማሽን ያስገባው ነው። አናጺው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ይህች ልጅ የንግድ አመራር ተምራ እሳቸው ጋ ከገባች ጀምሮ ትእዛዝ የምትቀበለው፣ እንጨት የምታስመጣው፣ የተቆጣ ደንበኛ የምታባብለው እሷ ናት። ጉልበታቸው ሲደክም ወርክሾፑን ለእሷ ሊያስረክቡ በልባቸው ከወሰኑ ቆይተዋል። ይህን ግን ለማንም አልተነፈሱም፤ ለእሷም ጭምር።

«ደመወዙ አነሰሽ?»

«አይደለም ጋሼ።»

«የበደለሽ ሰው አለ?»

«ማንም አልበደለኝም። መማር ነው የፈለግሁት። እዚያ ማሽኑ እንኳ ሲሳሳት ለምን እንደተሳሳተ ስክሪኑ ላይ ጽፎ ይናገራል። እኛ ቤት ግን...»

«ጨርሺዋ!»

«እኛ ቤት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።»

አናጺው የትኛውን መልስ እንደምትል ገብቷቸዋል። ሠራተኞቹ ከኋላቸው «ጋሽ እዩ» እንደሚሏቸውም ያውቃሉ። ማንም ሰው ምንም ቢጠይቃቸው፣ መላጊያቸውን ሳያቆሙ «እዩ!» ነው የሚሉት።

«እኔ የተማርኩት እንዲያ ነው» አሉ። «ያሠለጠነኝ አናጺ ለምን ብዬ ስጠይቅ በእንጨት ጣቴን ይለኝ ነበር። አየሁ፣ ተበላሸብኝ፣ ደግሜ አየሁ፤ ይኸው አናጺ ሆንኩ። ለመሆኑ ያን መጽሐፍሽን የጻፈው ሰውዬ መጋዝ ይዞ ያውቃል?»

«አይመስለኝም።»

«ታዲያ እኔን ምን ሊነግረኝ ነው?»

«ምንም የሚነግርዎ አይኖረው ይሆናል። እስቲ እሱ ይቆየንና፣ በጋዜጣ የጠቀለሉት ምንድን ነው?»

አናጺው ፊታቸውን ቋጥረው ጥቅሉን ፈቱት። አንድ የወንበር እግርና፣ እግርን ከእግር የሚያያይዘው አግዳሚ ዘንግ ነበር። ከደንበኛ ተመልሶ የመጣ ወንበር ነው። ሰሞኑን እንዲህ ሲመለስባቸው ደግሞ የመጀመሪያው አልነበረም።

«እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይነቃነቃል» አሉ። «ያ ረጅሙ ሠራተኛችን ነው የሠራው። ቤቴ ወስጄ በደንብ ላየው ነው።»

«ረጅሙንስ ምን አሉት?»

«እይ አልኩት።»

«አየ?»

«እንጃለት!»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ መጽሐፉን ገለጠች። «ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ገጽ ላንብብልዎ። የወንበር ነገር አለበት። ካልጣመዎት ይስደቡት፤ ሰውዬው አይሰማም።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር አናጺውን ሳትጥማቸው አልቀረችም። ዝናቡም የሚያባራ አይመስልም። «በይ አንብቢው» አሉ።

ጸሐፊው ስለ ጥራት ሲያወራ የወንበር ፋብሪካን በምሳሌነት አንስቷል። ጥሩ ፋብሪካ እንጨቱን ሁሉ አንድ ቦታ አከማችቶ እኩል ያደርቃል፤ እግሩም አግዳሚውም እኩል ከደረቀ ወንበሩ አይነቃነቅም፤ የጥራት መሠረቱ ሁሉንም አንድ ዓይነት ማድረግ ነው ይላል።

«ውሸታም!» አናጺው ብድግ አሉ። በመጠለያው ሌላኛው ጫፍ የቆመች ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። «እኩል ያደርቃል? እኩል ካደረቀውማ አለቀለት! ይኸው እንዲህ ሆኖ ነው የሚመለሰው!» እግሩን በግራ፣ አግዳሚውን በቀኝ እጃቸው ከፍ አደረጉ። «ስሚ! ይሄ አግዳሚ ከመግባቱ በፊት አጥንት እስኪመስል መድረቅ አለበት። ኮላ ከምናሞቅበት ምድጃ በላይ፣ ቆጡ ላይ የምሰቅለው ለምን ይመስልሻል? እግሩ ግን ትንሽ እርጥበት ይኑረው ብዬ ጥላ ሥር አቆየዋለሁ። ደረቁን አግዳሚ እርጥቡ እግር ቀዳዳ ውስጥ መትተሽ ታስገቢዋለሽ። እግሩ በራሱ ጊዜ ሲደርቅ ቀዳዳው ይጠብባል፤ ሲጠብ አግዳሚውን አንቆ ይይዘዋል። ኮላው ቢለቅ እንኳ እሱ አይለቅም! ሁለቱ እኩል ከሆኑ ማን ማንን ይይዛል?»

ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ፊቷ ቀላ።

«ጋሼ... አግዳሚዎቹን ከቆጡ ያወረድናቸው እኛ ነን።»

«ምን?»

«ሳንባ ምች ይዞዎት የተኙ ጊዜ ነው። ረጅሙ ቤቱን እናስተካክለው አለ፤ እኔም አገዝኩት። እግሩንና አግዳሚውን አንድ ላይ መጋዘን ውስጥ በሥርዓት ደረደርነው። ቆጡ ላይ የሰቀሉት ቦታ ጠቦዎት ነው የመሰለን። እንዲያውም ተነሥተው ሲመጡ ያመሰግኑናል ብለን ነበር። እነዚህ የሚመለሱት ወንበሮች የዚያን ጊዜ ሥራ ናቸው።»

«መልሼ ሰቅዬዋለሁ እኮ!»

«ሰቅለዋል። ሲሰቅሉ ምን አሉን?»

አናጺው አግዳሚውን በእጃቸው አገላበጡ።

«እዩ አሉን፤ አየን። ያየነው እርስዎ ተቆጥተው እንጨት ሲሰቅሉ ነው። የሰቀሉበት ምክንያት ግን በዓይን አይታይም፣ ጋሼ።»

አውቶቡሱ መጣ። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፤ ሴትዮዋ ተሳፈረች። ሁለቱ ግን አልተነሡም።

«ብነግራቸው ይሄዱብኛል» አሉ አናጺው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሙያዬን ወስዶ ነገ ከጎኔ ሱቅ ይከፍታል። ከዚህ ሌላ ምን አለኝ?»

አናጺውን ንፉግ ማለት ቀላል ነው። በተመታ ጣት የተማረውን ነገር ለሌላው እንዲሁ በነጻ ለማፍሰስ የማይሳሳ ሰው ግን ብዙ አይገኝም። ልጅቷም ይህን ስለምታውቅ የመለሰችላቸው በለሰለሰ ድምፅ ነው።

«ሳይነግሯቸውስ መች ቀሩ? ሁለት ሠራተኞች ከእኛ ወጥተው ከማዶ ገብተዋል። የሄዱት ብዙ ስላወቁ አይደለም፤ ምንም አላወቅንም ብለው ነው። የኔም ነገር ያው ነው። ደግሞ ማሽኑ ዛሬ ይህን ባያውቅ ነገ አንድ ሰው ያስተምረዋል። ያን ጊዜ እርስዎ የደበቁት ነገር የሁሉም ይሆናል፤ ከእርስዎ ተማርኩ የሚል ግን አንድም ሰው አይኖርም።»

«ይህን የሚለው መጽሐፍሽ ነው?»

«ግማሹን እሱ፣ ግማሹን እኔ። ሰውዬው እንጨት ላይ ቢሳሳትም፣ ያልተነገረ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋር በበሩ ይወጣል ብሎ ጽፏል።»

«እዚህ ላይስ አልተሳሳተም፣ ይሄ ቀጣፊ» አሉ አናጺው ሳይወዱ። «አማቼም እኮ እንዲህ ያለውን ነበር የሚያነበው።»

«እሱ መጽሐፉን እንደ አለቃ አየው፤ ያዘዘውን ሁሉ ፈጸመ። እርስዎ ግን አሁን ምን አደረጉ? ተጣሉት። በመጣላትዎ ስንት ዓመት ያልነገሩንን በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ። እኔ መጽሐፍ የምወደው ለዚህ ነው። የማላውቀውን ሰው ሐሳብ ይዤ የማውቀውን እፈትንበታለሁ። ደስ ያለኝን በአንድ ክምር እንጨት ላይ ብቻ እሞክረዋለሁ፤ ካልሠራ እተወዋለሁ። ግድግዳ መቀባት አያስፈልገኝም።»

አናጺው ሳቁ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከልባቸው ሳቁ። «አትሂጂ» ሊሏት ፈልገው ነበር፤ ግን አላሏትም። ዝናቡ ሲያባራ እንጨታቸውን ጠቅልለው፣ «እንግዲህ ደህና እደሪ» ብለው ሄዱ። ልጅቷ ሳይቀበሏት የቀሩ መሰላት።

ሰኞ ጠዋት ቁልፉን በእጇ ይዛ ስትመጣ የመላጊያ ድምፅ አልሰማችም። ሠራተኛው ሁሉ አረንጓዴው ግድግዳ ሥር ወንበር ይዞ ተቀምጧል። አናጺው መሐል ቆመው እግሩንና አግዳሚውን ይዘው ይናገራሉ። አነጋገራቸው እንደ ጀማሪ መምህር ይደነቃቀፋል፤ ሆኖም ለምን እንደሚሰቅሉ፣ ለምን ጥላ ሥር እንደሚያቆዩ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ወንበሮቹ ሲመለሱ ረጅሙን በከንቱ እንደተቆጡትም ተናገሩ፤ ረጅሙ አንገቱን ደፍቶ የሱሪውን ሰጋቱራ አራገፈ።

ከዚያ ረጅሙ እጁን አወጣ። «ጋሼ፣ በዝናብ ወራት እግሩ መልሶ ሲረጥብ አግዳሚውን አይለቀውም?»

አናጺው አፋቸውን ከፈቱ። የለመዱት ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ እንደደረሰ ሁሉም አወቀ። ዋጡት።

«አላውቅም» አሉ። «ጠይቄም አላውቅ። ሁለት ወንበር እንሥራና አንዱን በረንዳ ላይ እናቆየው። አብረን እናገኘዋለን።»

ዞር ሲሉ ልጅቷን በሩ ላይ አዩዋት፤ ቁልፉንም አዩት። በሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር ተናግረው አያውቁም፤ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

«ይህን ቤት ላንቺ ነበር ያሰብኩት» አሉ። «ከመጣሽ ጀምሮ። ይህንንም ሳልነግርሽ፣ አንቺው እዪው ብዬ ነው የተውኩት።»

«አላየሁትም ነበር፣ ጋሼ» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቁልፉን ወደ ኪሷ መለሰችና ረጅሙ ያስጠጋላት ወንበር ላይ ተቀመጠች። የዚያኑ ቀን ከማዶ ሄዳ ይቅርታ ጠይቃ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ቅዳሜ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ እዚያ ቤት መጽሐፍ ይነበባል። ስለ ገበያ፣ ስለ አመራር፣ አዲስ መሣሪያ የሰውን ሥራ እንዴት እንደሚለውጥ አንዱ ያነባል፤ ሌሎቹ ይከራከራሉ። ማንም መጽሐፉን የመቃወም መብት አለው፤ ለምን እንደተቃወመ ማስረዳት ግን ግዴታው ነው። የቤቱ ጥቅም የመጣው ከዚህ ግዴታ ነው። ሲያስረዱ አንዱ የሌላውን ሙያ ሰማ፤ አለቃው የማያውቁትን አላውቅም ማለት ስለጀመሩ ሠራተኛው ጥፋቱን መደበቅ ተወ፤ ወንበር መመለሱም ቀረ። አግዳሚውን ከማዶ ባለው ማሽን አስቆርጦ እዚሁ ቤት ማድረቅ ይሻላል የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ረጅሙ ነው። ማሽኑን ሲፈሩ የኖሩት አናጺ አሁን የማሽኑ ደንበኛ ናቸው፤ ዋጋም ይከራከራሉ። ከማዶ የገቡት ሁለቱ ልጆች እዚያው ቢሆኑም ቅዳሜ ጠዋት ይመጣሉ። አናጺው መጀመሪያ ሲያዩዋቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ወንበር እንዲሰጣቸው አዘዙ።

ልጅቷ አንድ ቀን ያንን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ለሌላ ሰው ልታውሰው ስትገልጥ፣ እንጨት እኩል ይድረቅ የሚለው ገጽ ጠርዝ ላይ ከዚህ በፊት ያላየችው ጽሑፍ አገኘች። በወፍራም የአናጺ እርሳስ፣ በተንጋደደ እጅ የተጻፈ ነው።

«ተሳስተሃል ወንድሜ። ናና ላስረዳህ።»