አንድ ያልነበሩት ሁለት ሎኮሞቲቮች

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው፣ በሥራ ቦታም በሰፈርም «እስቲ ልየው» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቁት አንጋፋ የባቡር መካኒክ፣ ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከጣቢያ ዕቃ መዛኝ አባታቸው ተወለዱ። የልደታቸው ዘመን በሁለት ወረቀቶች ላይ በሁለት ዓመት ስለሚለያይ፣ እሳቸውም ሁለቱንም ወረቀቶች «አላምናቸውም» ይሉ ስለነበር፣ ዕድሜያቸውን ሰባ አራት ያልነው በታላቅ እህታቸው ቃል ነው፤ ተሳስተን ከሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ትምህርታቸውን በሠፈራቸው ትምህርት ቤት ከተከታተሉ በኋላ በሃያ ዓመታቸው በባቡር ዲፖው ውስጥ በረዳት መካኒክነት ተቀጠሩ። በዚያ ጊዜ የሚያውቋቸው እንደሚሉት ሰው ቶሎ የሚያምኑ፣ ሲጠየቁም ቶሎ የሚመልሱ ወጣት ነበሩ። ይህ ጠባያቸው የተለወጠው በሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው።

በዚያ ዓመት ዲፖው ከአንድ ፋብሪካ ከወጡ ሁለት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች አንዱ ብዙ ውሃ እንዲይዝ ስለፈለገ፣ በቦይለሩ ግራና ቀኝ ያሉት የውሃ ታንከሮች በብረት ሉህ ከፍ እንዲሉ ተደረገ፤ ሉሁን የበየዱትም እሳቸው ነበሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ይኸው ሎኮሞቲቭ በአንድ ኩርባ ላይ የማቆሚያ ምልክቱን አልፎ ከቆመ የጭነት ፉርጎ ጋር ተጋጨ፣ አንድ ሠራተኛም እግሩን አጣ። የተጋጨው ሎኮሞቲቭ ከጥቅም ውጭ ስለሆነ መርማሪዎቹ በሁለተኛው ላይ ወጥተው ከነጂው መስኮት ቢመለከቱ ምልክቱ ወለል ብሎ ታያቸው። ወርደውም ወጣቱን መካኒክ «እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው?» ብለው ጠየቁ። እሳቸው የፋብሪካውን ዓይነት የተጠየቁ መስሏቸው «አንድ ናቸው» ሲሉ መለሱ። ነጂው «ተኝቶ ነበር» ተብሎ ከሥራ ተሰናበተ፤ ሚስቱንና የአራት ዓመት ሴት ልጁን ትቶ በሦስተኛው ዓመት አረፈ።

ከዚያ ወዲህ ሻዩ ስኳር ገብቶበታል ቢባሉ እንኳ «እስቲ ልየው» የማይሉበት ቀን አልነበረም። በሠርጋቸው ዕለት መኪናው ደርሷል ሲባሉ «እስቲ ልየው» ብለው ወጥተው፣ የአራቱን ጎማ ንፋስ መርምረው የተመለሱትን ነገር ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ያነሡታል። ከእኚሁ ባለቤታቸው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ጥርጣሬያቸው ከምን እንደመነጨ ግን ከቤተሰቡ የሚያውቅ አልነበረም።

ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያነሱ ሁለት የሎኮሞቲቭ ሞዴሎች ገዝተው ከማእድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ዕቃ ቤት ገቡ፤ በሩንም ይቆልፉ ጀመር። አንደኛውን እንዳለ ትተው ሁለተኛውን ያንን የተጋጨውን ሎኮሞቲቭ ሊያደርጉት፣ የታንከሮቹን ክዳን በቀጭን መጋዝ ቆርጠው አነሡ። ምን ያህል ከፍ ያድርጉት? ትዝታቸው አርባ አምስት ሴንቲሜትር ይላቸው ነበር፣ ይህም በሞዴሉ ላይ አምስት ሚሊሜትር ከጥቂት ነው፤ ትዝታቸውን ግን አላመኑም። ታንከሩ ከፍ ካለ በኋላ ነጂው ከሎኮሞቲቩ ጎን ቆሞ የተነሣው ፎቶግራፍ በሴት ልጁ እጅ እንዳለ ስለሰሙ፣ የነጂው ቁመት ከታወቀም የታንከሩ ከፍታ ከፎቶግራፉ ስለሚሰላ፣ ወደ እርሷ ቤት ይመላለሱ ያዙ።

ባለቤታቸው ይህን መመላለስ በበጎ አላዩትም። በአራተኛው ቀን ተከትለው ገቡ፤ ሁለቱን በአንድ አጉሊ መነጽር ላይ ጎንበስ ብለው አገኟቸው።

«ምንድን ነው የምትለኩት?»

«አባቴን ነው፣ እትዬ» አለች የነጂው ልጅ፤ «ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት ነበር። ጋሼ ግን ኮፍያው ይቀነስ ይላሉ።»

«እኔ ደግሞ በስተርጅና ሌላ ሴት ለመደ ብዬ እኮ ነው የመጣሁት» አሉ ባለቤታቸው፣ ወንበርም ሳቡ።

የነጂው ልጅ አብራ ብትስቅም ልቧ አላረፈም፤ አንድ የዲፖ ሰው ይህን ሁሉ ዘመን ቆይቶ የአባቷን ቁመት የፈለገው ለምን እንደሆነ ሁለት ጊዜ ብትጠይቅ ሁለቱንም ጊዜ ወሬውን ወደ ፎቶግራፉ መልሰውባታል።

ሞዴሉ ነሐሱ ተበይዶ፣ በሞረድ ተስተካክሎና ቀለም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ፣ ኩርባውንና ምልክቱን በዚያው መጠን በጠረጴዛ ላይ ሠርተው ከነጂው ዐይን ቁመት እስከ ምልክቱ ክር ወጠሩ። ባልተነካው ሞዴል ክሩ በነጻ አለፈ፤ በተለወጠው ግን ታንከሩን ነካ። ጸጸት ታንከሩን ከፍ አድርጎባቸው እንዳይሆን ስለሰጉ፣ ሥራውን አፍርሰው ሁለት ጊዜ እንደገና ሠሩት፤ ክሩ ያው ነካ።

ያን ጊዜ የነጂውን ልጅ ጠርተው ክሩን አሳዩአትና «አንድ ናቸው ያልኩት እኔ ነኝ» አሏት። «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» አለቻቸው። ለባቡር መሥሪያ ቤቱም ቃላቸውን የሚያርም ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ደብዳቤው ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል። ጥፍር የሚያህለውን የሎኮሞቲቩን የቁጥር ሰሌዳ ግን ሳይለጥፉ ለእርሷ ሰጥተው «ካመንሽኝ አንቺ ለጥፊው» አሏት። እርሷም በመዳፏ ጨብጣው ወጣች፤ ለወራትም አልተመለሰችም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ስምንት ወራት የልብ ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። ሐኪሙ የለካውን ሁሉ «እስቲ ልየው» እያሉ፣ ሰሌዳውን ሳትጥለው አልቀረችም እያሉ ሰነበቱ። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የነጂው ልጅ መጥታ፣ ሳትቀመጥ፣ ከባለቤታቸው ሙጫ ጠየቀች። ሰሌዳውን ለጥፋ ሎኮሞቲቩን ወደ አልጋቸው ይዛ ስትገባ «እስቲ ልየው» አሉ። ሰሌዳው ወደ ግራ ዘመም ብሏል። መለኪያ ካሊፐራቸው ከትራሳቸው አጠገብ ነበር፤ አላነሡትም። «ደህና ነው» አሉ። ቅዳሜ ጠዋት አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውን፣ እንዲሁም ከዚህ ዝርዝር እንድትገባ ጠይቀናት የፈቀደችውን የነጂውን ልጅ ትተውልን ሄደዋል። አምላክ የእሳቸውን ነፍስ፣ ሳይተኛ «ተኝቶ ነበር» ከተባለው ነጂ ነፍስ ጋር፣ በአንድ ሰላም ያሳርፍልን።